ጡቴን አስቆርጬ ልቤን ታመምኩ

በእኛ በከሚሴ ሰው ብቻውን ይነግድ ይሆናል፣ ብቻውን ይከስር ይሆናል፤ ብቻውን መታመም ግን አልተፈቀደለትም። በሽታ የጋራ ነው። አንዱ ራሴን አመመኝ ካለ ሰፈሩ በሙሉ ሻሽ ያስራል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ እውነት ነው፣ ግን ተረቱ ግማሽ ነው። በሽታውን የደበቀ ሰው መድኃኒት ቢያጣም በሽታ አያጣም። እሱ ካልተናገረ ጎረቤት ተመካክሮ፣ ይመጥነዋል ያለውን መርጦ ይሰጠዋል። ለእኔ የተመረጠልኝን አወራችኋለሁ፤ በፊት ግን ራሴ የነበረኝን ልናገር።

ጡት ነበረኝ። መሳቅ ትችላላችሁ፣ እኔም አሁን እስቃለሁ። ድምፄ መጎርነን የጀመረ ሰሞን ደረቴ ላይ ሁለት እንግዶች መጥተው ተቀመጡ፤ ድምፄ ጎርንኖ ጨረሰ፣ ጢሜ በቀለ፣ ሱቅ ከፈትኩ፣ እነሱ ግን ልንሂድ አላሉም። ኳስ ሜዳ ቡድን ሲከፈል አንደኛው ወገን ከነቴራውን ያወልቃል፤ ከለባሾቹ ወገን ለመመደብ ስል በረኛም፣ ዳኛም፣ ኳስ አቀባይም ሆኛለሁ። የከሚሴ ሙቀት ደግሞ የታወቀ ነው። ወንዱ ሁሉ ሽርጡን አገልድሞ በስስ ከነቴራ ሲውል እኔ ሙሉ ኮት ለብሼ እቆማለሁ። የምሸጠው ምን መሰላችሁ? የወንድ ሸሚዝ። ደንበኛ መጥቶ ሲለበስ እንዴት ነው ሲለኝ ግድግዳ ላይ ሰቅዬ አሳየው ነበር።

ያልሞከርኩት የለም። ፑሽ አፕ ሠራሁ፤ ከሥራቸው ጡንቻ በቀለና ይበልጥ ወደ ፊት አወጣቸው። ቅባት ተውኩ። ረመዳን ሲፈታ ፊቴ ከስቷል፣ ሆዴ ገብቷል፣ እነሱ ግን በሽተኛና መንገደኛ መጾም አይገደድም የሚለውን የሰሙ ይመስል ወይ ፍንክች!

እንዲህም ሆኜ ታጨሁ። ልጅቷ ዘሀራ ትባላለች፣ የጎረቤታችን የሰንበቴ ከተማ ልጅ ናት፤ የሐጂ ኑሩ ልጅ። ሐጂ ኑሩ ከብት ነጋዴ ናቸው። በሬ ሲገዙ ጥርሱን አይተው፣ ሻኛውን ጨብጠው፣ ትንሽ አስኪደው፣ ዞረው ከኋላው አይተው ነው። አማች ሲመርጡም ከዚህ ብዙ አይርቁም። እኔን ሲያዩኝ ግን ኮት ለብሼ ነበርና ኮቱን ወደዱት። ዘሀራም ብትሆን እስከዚያ ቀን ያየችው ኮቴን ነው። ሁለት ሦስቴ ስንገናኝ ዘመድ መሐላችን ተቀምጦ፣ እሷ ጣቶቿን እያየች፣ እኔ ላቤን እየጠረግሁ ነበር። እንደወደድኳት አውቄያለሁ። በሰርጉ ማግስት ኮቱ እንደሚወልቅም አውቄያለሁ።

ያስወሰነኝ ልብስ ሰፊው ነው። ለሰርጉ ልለካ ሄጄ፣ ሜትሩን በደረቴ ዙሪያ አዞረ፣ ቆም አለ፣ እንደገና አዞረ። ከዚያ ሰው በሞላበት፣ ያውም ከልቡ አዝኖልኝ፣ "ሰይዶ፣ እንደ ሴት ቀሚስ ከፊት ሰብሰብ ላድርግልህ?" አለኝ። ሌላው ሰው ልብ ብሎ እንደሆነም አላውቅም፤ ለእኔ ግን በመስጊድ ማይክሮፎን የተነገረ ነው የመሰለኝ። ለክቶ ሳይጨርስ ወጣሁ።

ጓደኛዬ ኡመር አዲስ አበባ የሚመላለስ የጭነት መኪና ሾፌር ነው። ጉዳዩን የነገርኩት ለእሱ ብቻ ነው፤ እሱም እንዳይተነፍስ ወላሂ አስብዬው። ጠይቆ ጠያይቆ ይህንኑ የሚሠራ ሐኪም አገኘልኝ። እናቴን ሐኪም ጋ ደርሼ ልምጣ አልኳት። ምንህን አመመህ ስትለኝ ኮቴን ሰብስቤ ዝም አልኩ። ይቺ ዝምታ በኋላ ምን ያህል ቦታ እንደምትይዝ መቼ አወቅሁ?

ሐኪሙ ጨዋ ሰው ነው። አየኝ፣ ጫን ጫን አደረገኝና ይሄ በብዙ ወንድ ላይ የሚታይ ነው፣ አያሳፍርም፣ ቢተውም አይጎዳዎትም፣ ምርጫው የእርስዎ ነው አለኝ። ምርጫው የአንተ ነው የሚባል ነገር እንዴት ከባድ ነው! ግድ ነው ቢለኝ በአንድ ቃል እገባ ነበር። አልጋ በተከራየሁበት ቤት ተኝቼ ከራሴ ጋር ተሟገትኩ። ጤነኛ ሰው በገዛ እግሩ ሄዶ ለቢላዋ ይተኛል ወይ? አላህ የሰጠውን ይቀንሳል ወይ? ደግሞም መለስ አልኩና፣ ጥፍርንስ የሰጠው ማን ነው፣ በየሳምንቱ አልቆርጠውም ወይ አልኩ። መቼም ለመድፈር የፈለገ ሰው ፈትዋ አያጣም።

ከቀዶ ሕክምናው ስነቃ ወደ ታች አየሁ። ሆዴ ታየኝ። ቀና ብዬ ቆሜ ሆዴን ሳላይ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ እንደ ናፈቀ ዘመድ እያየሁት አለቀስኩ። ነርሷ አመመህ ወይ አለችኝ። አላመመኝም፣ ደስ ብሎኝ ነው። ደስታዬ ብዙ አልቆየም፤ አንድ ነገር ይዛ መጥታ ይህንን ቁስሉ እስኪጠግግ ድረስ ቀንም ሌሊትም ለብሰህ ትቆያለህ አለችኝ። ጠበቅ ያለ፣ ትከሻ ላይ ማንገቻ ያለው፣ ከፊት በመንጠቆ የሚቆለፍ። ገለባብጬ አየሁት። ምን ታደርጉታላችሁ፣ ጡት መያዣ ነው። ጡት በነበረኝ ዘመን ሁሉ ያላደረግሁትን ጡቴን ካስቆረጥኩ በኋላ ታዘዘልኝ።

ከሚሴ የደረስኩት በመልካም ሰዓት አልነበረም። የጁምዓ ሰላት ተሰግዶ ሰው ሁሉ መንገድ ላይ ነው። የእኛ ሰላምታ ደግሞ ታውቁታላችሁ፣ ትከሻ ለትከሻ መጋጨት አለበት፤ የናፈቀ ሰው ከሆነ ሦስቴ። የመጀመሪያው ሰው እቅፍ አድርጎ ሲያጋጨኝ "ደረቴን!" ብዬ ጮህኩ። እጄ ወደ ላይ አይነሳም፣ አካሄዴ እንቁላል የተሸከመ ሰው ነው፣ ሳል ሲመጣብኝ በሁለት እጄ ደረቴን እደግፋለሁ። ጎረቤታችን እቴ ከዲጃ በራችን ላይ ቆማ ከእግር እስከ ራሴ አየችኝና፣ አፏን በነጠላዋ ይዛ "ኦኔ ነው" አለች። "የእኔ እናት፣ ኦኔውን ቀደውት ነው!" ኦኔ በኦሮምኛ ልብ ነው። ከዚያ ሰዓት ጀምሮ የልብ ሕመምተኛ ሆንኩ።

ቀድሞ በዚያ ሙቀት ኮት ይለብስ የነበረውም ለካ ለዚህ ነው ተባለ። ደሙ አይሞቅማ! ኡመር ሲጠየቅ መሐላውን አክብሮ ዝም አለ፤ ግን ዝም ሲል አንገቱን ደፍቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ረጅም ትንፋሽ እያወጣ ነው። ያን ዝምታ ያየ ሰው ሁሉ እያለቀሰ ሄደ። እንዲያው ወንድሜ፣ ወይ ተናገር፣ ወይ ደስ ብሎህ ዝም በል!

እውነቱን ልንገራችሁና መጀመሪያ ላይ አልጠላሁትም። ማር መጣ፣ የጨፋ ቅቤ መጣ፣ ሾርባ በየተራ መጣ። ልጆች በቤታችን በኩል ሲያልፉ በእግር ጣታቸው እንዲሄዱ ታዘዙ። እኔ ዶሮ እየጋጥኩ፣ ጠያቂዎቼ "ረቢ ሲ ሃ ፈይሱ፣ አላህ አፊያ ያድርግህ" ሲሉ አሚን እላለሁ። እናቴ ግን እየከሳች ነበር። ሌሊት እየተነሳች እጇን አፍንጫዬ ላይ አድርጋ መተንፈሴን ታረጋግጥ ጀመር። ልነግራት አፌን ከፍቼ፣ እማ፣ ጡቴን ነው የሚለው ቃል ከጉሮሮዬ አልወጣ እያለኝ፣ ውሃ ስጪኝ እላታለሁ።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ወሬው ሰንበቴ ደረሰ። ሐጂ ኑሩ፣ ልጄን ያሳደግኋት ባል እንድትቀብር አይደለም ብለው ላኩ። ሆኖም ፍርደ ገምድል እንዳይባሉ፣ መጥተው በዓይናቸው አይተው ሊወስኑ ነው። ሰዓቱንም መርጠዋል፤ እናቴ ባስጠራችው ዱዓ ላይ። መልእክቱ በደረሰኝ ቀን ዘሀራ የአክስቷን ሞባይል ሰርቃ ደወለችልኝ። ታለቅሳለች። "አባቴ እምቢ ቢል እንኳ እኔ አልተውህም፤ ያለህን ዕድሜ አብረን እንኖራለን" አለችኝ። ያለኝን ዕድሜ! ይህን ቃል ከሰማሁ በኋላ የበላሁት ማር ሁሉ መረረኝ። ላጣት መሆኑ ገባኝ፤ ያውም በሌለብኝ በሽታ።

ዱዓ በእኛ አገር ቀልድ አይደለም። ሰፈርተኛው ጫቱን ይዞ ይሰበሰባል፣ ሴቶቹ ከመጋረጃው ወዲያ ይቀመጣሉ፣ የከበደው ሰው ችግሩ በስሙ ይጠራለታል፣ ሁሉም አሚን ይላል። ሸህ ይማም እጃቸውን ዘረጉና ያ ረቢ፣ የዚህን ልጅ ልብ ጠግንለት አሉ። አሚን! የተቀደደውን ግጠምለት። አሚን! ለእናቱ ብለህ። እዚህ ላይ ከመጋረጃው ወዲያ ያለው አሚን ወደ ለቅሶ ተለወጠ። ሐጂ ኑሩ ከፊት ለፊቴ ተቀምጠው በሬ በሚያዩበት ዓይናቸው ያዩኛል፤ ደህና ነኝ ብዬ ቀና ስል መንጠቆው ይወጋኛል፣ ፊቴ ይጨማደዳል፣ እሳቸው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። በሰው ፊት ማፈር አንድ ነገር ነው፤ ያን ሁሉ ሽማግሌ በሐሰት አሚን እያስባሉ አላህ ፊት መቀመጥ ግን ሌላ ነው።

"ልቤን አይደለም!" አልኩ። ዱዓው ቆመ። ሐጂ ኑሩ ቀስ ብለው "ማል ታቴ? ታዲያ ምን ሆነህ ነው?" አሉኝ። ቃሉ ዛሬም አልወጣ ሲለኝ ሸሚዜን ፈትቼ ገለጥኩት። የቤቱ ወንድ በሙሉ ጡት መያዣዬን አየ። ከዚያ በኋላ የምደብቀው ስላልነበረኝ ሁሉንም ተናገርኩ፤ ኳስ ሜዳውን፣ ልብስ ሰፊውን፣ ሐኪሙን። ሸህ ይማም ሱብሐነላህ አሉና፣ ዱዓውን ለማን እንደሚያዞሩት ግራ ገብቷቸው እጃቸውን እንደዘረጉ ቀሩ። ከመጋረጃው ወዲያ እናቴ "ጡቱን ነው? ጡቱን ብቻ ነው?" ብላ እልል አለች። እንደዚያ ያለ እልልታ ስወለድም አላሰማችም ይሆናል።

ሐጂ ኑሩ አልሳቁም። ተነሡና ና ውጣ አሉኝ። ቁርጤን ላውቅ ተከተልኳቸው። ከቤቱ ጀርባ ወስደው ልብህ ደህና ነው፣ ወላሂ በል አሉኝ። ወላሂ አልኩ። ሐኪሙ በደንብ ነው የሠራህ፣ አላሳመመህም፣ ጠባሳው ትልቅ ነው ወይ እያሉ ጥያቄ አበዙብኝ። በሬ ሲገዙ እንኳ እንደዚያ አይጠይቁም። ሁሉንም መለስኩ። በመጨረሻ፣ "ልጄን ሰጥቼሃለሁ" አሉ። "ሰርጉ ግን ትንሽ ይገፋ።"

ልቤ፣ ያ ጤነኛው ልቤ፣ ያን ጊዜ ቀጥ አለ። እስከ መቼ ነው፣ ሐጂ አልኳቸው።

ግራና ቀኝ አዩ። "እኔ አዲስ አበባ ደርሼ እስክመለስ" አሉ። "ሰው ከጠየቀህ ልባቸውን ነው በል።"