የውሃ ቁንጫዎች ወደ ቤተ መጻሕፍት የተሰደዱበት ዜና

በምርምሯ በአራተኛው ዓመት፣ ሊፍቱ በተሰበረ በሁለተኛው ዓመት፣ ሦስተኛው ሙከራ በተጀመረ በዐሥራ ዘጠነኛው ቀን፣ በዕለተ ረቡዕ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ ዐቃቢተ ቁንጫ፣ ኈላቂተ ነፍሳት፣ መፍቀሪተ ጸጥታ የሆነችው የአካባቢ መርዝ ተመራማሪ፣ ነጭ ጋዋኗን ለብሳ፣ ፀጉሯን በእርሳስ ጠቅልላ፣ ስልሳ ብርጭቆ ከተደረደረበት መደርደሪያ ፊት እንደ ልማዷ ቆመች። በዚያ ቀንና በተከታዮቹ ሁለት ቀናት ያደረገችው ሁሉ እዚህ የተጻፈው እርሷ ራሷ ለማንም ስለማትናገረው ነው።

የግዛቷም ስፋት ይህ ነበር፤ በሦስተኛ ፎቅ ላይ አንድ ክፍል፣ ሁለት መስኮት፣ አንድ የማይዘጋ መሳቢያ። ሕዝቧም የውሃ ቁንጫዎች ነበሩ፤ ከሰሊጥ ፍሬ የማይበልጡ፣ ገላቸው እንደ መስታወት ጥርት ያለ፣ ልባቸው ሲመታ ከውጭ የሚታይ፣ እያንዳንዷ በየብርጭቆዋ ለብቻዋ እየዘለለች የምትኖር። ረድፋቸው ስድስት ነበር። አምስቱ ረድፍ ከእርሻ ታጥቦ ወንዝ የሚገባውን የነፍሳት መርዝ ከትንሽ እስከ ብዙ ተመጥኖላቸው ይቀምሱ ነበር፤ ስድስተኛው ረድፍ ግን ምንም ያልተጨመረበት ውሃ የተሰጣቸው ዐሥር ቁንጫዎች ነበሩ፤ እነርሱም ንጹሓን ተባሉ። ሕጉ እስከ ሃያ አንደኛው ቀን ከንጹሓኑ ስምንቱ በሕይወት ይገኙ ይላል። ንጹሕ ውሃ የጠጣችው ከሞተች መርዝ የጠጣችው በምን እንደሞተች ማንም አያውቅምና፣ ከንጹሓን ሦስት ከሞቱ ሙከራው በሙሉ እንዳልነበረ ይቆጠራል።

ከዚህ በፊትም ሁለት ጊዜ ተሸንፋለች። የመጀመሪያው ሙከራ መብራት ጠፍቶ ውሃው ስለ ሞቀ በስምንተኛው ቀን ፈረሰ። ሁለተኛው በራሷ እጅ ፈረሰ፤ እጇ ደርቆ ስለ ነበር በጠዋት የተቀባችው ቅባት ከጣቷ ወደ ውሃው ገብቶ ንጹሓኑን በሁለት ቀን ጨረሳቸው፤ ከዚያ ወዲህ ቅባት የሚባል ነገር ስላልነካች እጇ እንደ ግንበኛ እጅ ሻከረ። አሜሃ መምህሯ፣ ሊቀ ሊቃውንት፣ ጡረታ ሊወጡ አንድ ወር የቀራቸው፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው መነጽራቸውን የሚፈልጉት፣ እንዲህ ሲሉ አወጁ፦

“ሦስተኛው ከፈረሰ አራተኛ የለም። እኔ እሄዳለሁ፤ አንቺም ሌላ አማካሪ ፈልገሽ ከዜሮ ትጀምሪያለሽ።”

በቤቷም አዋጅ አልጠፋም። እናቷ ልጄ ዶክተር ልትሆን ነው ብላ ለሰፈሩ ሁሉ ስላወጀች፣ ጎረቤቶች ሱሪያቸውን እየጠቀለሉ ጉልበታቸውን ሊያሳዩአት ይመጡ ነበር፤ እርሷም የኔ ሙያ ሌላ ነው ለማለት አፍራ ጉልበቱን በትሕትና እያየች ዕረፉበት ትላለች፤ ጉልበቱም ይሻለዋል፤ ስለዚህ ሌላ ጉልበት ይመጣል። ታናሽ ወንድሟ ደግሞ በራት ገበታ ላይ “ቁንጫ ለመግደል አራት ዓመት? ለኔ በሰጠሽኝ፣ በአውራ ጣቴ ጥፍር ከሰዓት በፊት እጨርስልሽ ነበር” ብሎ ያወጀው እስከ ዛሬ ድረስ አልተሻረም።

ወእምዝ በዚያው ረቡዕ መከራው መጣ። የሕንፃው አስተዳዳሪ፣ ባለ ቀይ ማኅተሙ፣ ሁሉም ክፍሎች ረቡዕ ዕለት ለበረሮ ማጥፊያ ርጭት ክፍት ይሁኑ፣ ያልተከፈተውም በትርፍ ቁልፍ ይከፈታል የሚል ማስታወቂያ በዋናው በር ላይ ከለጠፉ ዐሥር ቀን ሆኗቸው ነበር። ማስታወቂያውን ያላነበበ አልነበረም፤ ከሰኞ ጀምሮ ብቅ ስላላሉ በረሮዎቹም ያነበቡት ይመስላል። እርሷ ብቻ አላነበበችውም። በዋናው በር የገባ ሰው ጥበቃውን ደኅና አደሩ ማለት፣ ለእንግዳ ተቀባይዋም አለቀልሽ ወይ ስትል አልጨረስኩም ብሎ መመለስ ይኖርበታል፤ እርሷ ግን ይህን በመፍራት አራት ዓመት ሙሉ በጓሮው ደረጃ ስትወጣና ስትወርድ ኖራለች።

የምሥራቹን ሳይሆን መርዶውን ያመጡት የሦስተኛ ፎቅ ጽዳት የበላይ፣ በሕንፃው ሁሉ እትዬ ተብለው የሚጠሩት፣ የመጥረጊያ ባለሥልጣን፣ የባልዲ እመቤት ናቸው። በሩን ሳያንኳኩ ገብተው፣ ወገባቸውን ይዘው፣

“ልጄ፣ ረጪው ሰውዬ ሁለተኛ ፎቅ ደርሷል። እነዚህን ውሃዎችሽን ካላነሣሽ አብረው መሄዳቸው ነው” ብለው አወጁ።

እርሷም ጎረቤት ክፍል ወዳለው ባልደረባዋ፣ እንቁራሪት ስለሚያጠና ባለ እንቁራሪት ወደሚባለው፣ ሮጠች፤ እርሱም እንቁራሪቶቹን ሰኞ ዕለት አክስቱ ቤት እንደ ወሰዳቸው፣ አክስቱም እስካሁን እንዳላነጋገረችው፣ ተመራማሪዋ ግን ዝም ስትል ዕቅድ ያላት እንደ መሰለው ተናገረ። ዝም የምትለው ሁልጊዜ ስለሆነ ዕቅድ ሲኖራትና ሳይኖራት ለይቶ የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

በዚህ ጊዜ የጠላት ጦር ከደረጃው ብቅ አለ። ጦሩም አንድ ሰው ነበር፤ ጺሙ የሸበተ፣ ዐሥራ ስድስት ሊትር በርሜል በጀርባው ያዘለ፣ አፉንና አፍንጫውን በሻሽ የጠቀለለ፣ እጁ ግን ጓንት ያላጠለቀ። ያቺ ቃል ከአፏ በፒንሳ የማይወጣላት፣ ታክሲ ውስጥ ወራጅ አለ ማለት አፍራ ሁለት ፌርማታ አልፋ በእግሯ የምትመለሰው፣ በዚያ ቀን ዓይኗን በጨው ታጥባ በኮሪደሩ መሐል ቆመች፤ የበርሜሉንም ጽሑፍ አነበበች። አንብባም ደነገጠች፤ በአምስቱ ረድፍ ውስጥ ጠብታዋን በሺህ፣ ሺህኛዋንም እንደገና በሺህ እየከፈለች የምትመጥነው ያ መርዝ፣ ያው ራሱ፣ በዚህ ሽማግሌ ጀርባ ላይ በሊትር ተጭኖ ነበርና። ሰውየው ክፍሉ ውስጥ ምን እንዳለ ጠየቃት። ቁንጫ ናቸው አለች።

“ቁንጫም ካለ ችግር የለም፣ ልጄ፤ አብሮ ይሞታል። ተጨማሪ አናስከፍልም” አላት፣ ሊያጽናናት።

እርሷም ስለ ቁንጫዎቹ ለመለመን የከፈተችው አፍ፣ የሰውየውን ባዶ እጅ ሲያይ ሌላ ነገር ተናገረ፦

“ይሄ መርዝ በቆዳም ይገባል፤ ሻሽ አያቆመውም። እጅዎን አያደነዝዝዎትም?”

ሽማግሌው እጁን አየ። ማታ ማታ ጣቶቹ እንደሚነዝሩት፣ እርሱ ግን የእርጅና እንደሚመስለው፣ ስምንት ዓመት ሲረጭ አንድም ሰው ጠይቆት እንደማያውቅ ነገራት። እርሷም ከመሳቢያዋ የራሷን የጎማ ጓንትና ባለ ማጣሪያ ጭምብል አውጥታ፣ ጭምብሉ እንዴት እንደሚጠብቅ በጣቷ አሳየችው፤ ከዚያም በኋላ ነው፣ ድምፅዋ እየወረደ፣ የግማሽ ሰዓት ጊዜ የለመነችው። ረጪውም ሁሉንም ክፍል ካልረጨ አስተዳዳሪው እንደማይፈርሙለት፣ ከየትኛው ጫፍ ይጀምር ግን ማንም እንዳላዘዘው ተናግሮ፣ ፊቱን አዙሮ ወደ ኮሪደሩ ወዲያኛው ጫፍ ሄደ። የግማሽ ሰዓቱ ዕርቅ በዚህ ተፈጸመ።

ስደቱ ወዴት ይሁን የሚለው ቀጥሎ ተመከረ። እትዬ የጽዳት ዕቃ ክፍላቸውን በደስታ ሰጡ፤ ነገር ግን የበረኪና ግምጃ ቤት ስለሆነ በምስጋና ታለፈ። የጥበቃው ቤት በቆርቆሮ የተሠራ ነውና እስከ ቀትር ያፈላቸዋል። ውሃው ከሃያ ዲግሪ ብዙ ሊርቅ አይገባም፤ በግቢው ውስጥ ያን ያህል ቀዝቃዛ የሆነ አንድ ቦታ ብቻ ነበር፣ እርሱም ለአሮጌ መጻሕፍት ሲባል የሚቀዘቅዘው የቤተ መጻሕፍቱ ምድር ቤት።

የተከተሏትም እነዚህ ናቸው፤ በግንባር እትዬ፣ መወልወያቸውን እንደ ጦር ይዘው፣ በመንገድ ላይ የቆመውን ተማሪ ሁሉ ዞር በል እያሉ፤ በቀኝ ባለ እንቁራሪት፣ በሁለት እጁ ትሪ ይዞ ትንፋሹን የዋጠ፤ በመሐል እርሷ ራሷ፣ ንጹሓንን ማንንም ሳታስነካ፤ ከኋላም ማንም ያልጠራው፣ ግን ፈተና የቀረለት የመሰለው አንድ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ። ሰባ ሁለት ደረጃ ወረዱ። ውሃው እንዳይናወጥ እንደ ሙሽራ ቀስ ብለው ወረዱ። አምስቱን ትሪ አደረሱ። በመጨረሻው ዙር የቀራት ንጹሓን ያሉበት ትሪ ነበር፤ እርሷ የጓሮውን በር ስትገፋ ትሪውን ለአፍታ፣ ለአፍታ ብቻ፣ ባለ እንቁራሪት ተቀበላት፤ እግሩም እትዬ በጠዋት በበረኪና ያጠቡት ደረጃ ላይ አንሸራተተው። ትሪው አልወደቀም፤ ቁጥር አራት ግን ከብርጭቆዋ ጋር ተገለበጠች። እርሷም በጉልበቷ ተንበርክካ ከደረጃው ላይ በፒፔት፣ በቀጭኗ መምጠጫ፣ ስባ ወደ ንጹሕ ውሃ መለሰቻት፤ ነገር ግን በረኪናው ቀድሟት ነበር።

ከንጹሓን አንዷ በስድስተኛው ቀን ሞታ ነበርና አሁን ስምንት ቀሩ። ባለ እንቁራሪት በአደጋ የሞተች አትቆጠርም፣ እርሱ ጥፋቱን ይወስዳል፣ ማንም አላየም ብሎ ለመነ። እርሷ ግን በደረጃው ላይ ቁጭ ብላ በመዝገቧ “ቁጥር አራት፣ ሞታለች፣ በእኛ ጥፋት” ብላ ጻፈች። ከዚህ በኋላ አንዲት ብትጎድል አራት ዓመት ይጎድላል።

የምድር ቤቱን በር የሚጠብቁት ዐቃቢተ መጻሕፍት፣ በሹክሹክታ ሰው የሚያስደነግጡ፣ ከበሩ በላይ ፈሳሽ ይዞ መግባት በጥብቅ ክልክል ነው የሚል ጽሑፍ የሰቀሉ፣ አምስት ትሪ ውሃ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጦ ስድስተኛው ሲመጣ አይተው ተነሡ። አራት ዓመት በጥጉ ወንበር ስትቀመጥ ያዩዋታል፤ ድምፅዋን ግን ሰምተውት አያውቁም።

“ውስጣቸው ነፍስ አለ” አለቻቸው። “ሁለት ቀን ብቻ ያስጠልሉልኝ። ሌላ የምወስዳቸው ቦታ የለኝም።”

ሴትዮዋ ወደ ብርጭቆው ጎንበስ ብለው ቁጥር ሰባትን፣ ቁጥር ሰባትም እርሳቸውን ለብዙ ጊዜ ተመለከቱ። ከዚያም በእርሳቸው ቤት ያልተመዘገበ ነገር እንደማያድር፣ የተመዘገበ ግን የትም እንደማይጠፋ አስታውቀው፣ መዝገባቸውን ገለጡ። ስልሳ ብርጭቆ በስልሳ ቁጥር ተመዘገበ፤ በርዕስ ቦታ ቁንጫ፣ በደራሲ ቦታ ያልታወቀ፣ በሁኔታም ቦታ ከክፍል አይወጣም ተብሎ ተጻፈ። መብራቱንም አላጠፉባቸውም።

ሐሙስ በሰላም አለፈ። ዓርብ፣ በሃያ አንደኛው ቀን፣ ሊቀ ሊቃውንት መነጽራቸውን ይዘው ለመጨረሻው ቆጠራ ወደ ምድር ቤት ወረዱ። አንድ፣ ሕያው። ሁለት፣ ሕያው። እንዲህ እያለች ቁጥር ሰባት ደረሰች፤ ቁጥር ሰባትም በውሃው ፊት ላይ በጎኗ ተኝታ አትንቀሳቀስም። ብርጭቆው በቀስታ ይወዝወዛል፤ በዐሥራ አምስት ሰከንድ ውስጥ ያልዋኘች እንደ ሞተች ትቆጠራለች፤ ሕጉ ይህ ነው። ባለ እንቁራሪት በጆሮዋ ቁጥር አራትን ከመዝገቡ ሰርዢያት አላት፤ እርሷ ግን ብርጭቆውን ወዘወዘች። ሊቀ ሊቃውንት ሰዓታቸውን አዩ፤ ዐቃቢተ መጻሕፍት ግን በዚያ አስፈሪ ሹክሹክታ ራሳቸው መቁጠር ጀመሩ። ስድስት። ሰባት። ምንም የለም። ዐሥር። እትዬ ከበሩ ላይ ፊታቸውን በመዳፋቸው ሸፈኑ። ዐሥራ ሁለት ሲባል ቁጥር ሰባት አንድ ጊዜ ተወራጨች፤ ዐሥራ ሦስት ሲባል ከውሃው ፊት ተላቀቀች፤ ዐሥራ አራት ላይ፣ ምንም እንዳልተደረገ ሰው፣ ወደ ታች ዋኝታ ሄደች።

ስምንተኛዋ፣ ዘጠነኛዋና ዐሥረኛዋ ከተቆጠሩ በኋላ ሊቀ ሊቃውንት መዝገቡን ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው አነበቡ፤ የቁጥር አራት መስመር ላይ ሲደርሱ ቆሙ፤ እርሷንም አዩአት። “ይህችን ባትጽፊያት ኖሮ የትኛውንም አላምንም ነበር” ብለው ፈረሙ። እርሷም እስከ አንገቷ ቀልታ መዝገቡን በሁለት እጇ ተቀበለች።

የመውጫ ምዝገባ ሲደርስ ግን ዐቃቢተ መጻሕፍት ብዕራቸውን አስቀመጡ። በትሪዎቹ አጠገብ በመዝገባቸው የሌለ አንድ ትልቅ ጠርሙስ ነበር፤ በውስጡም ስምንቱ ንጹሓን እንደ ወገናቸው ልማድ ያለ ወንድ በሁለቱ ቀናት የወለዷቸው፣ በየጠዋቱ በፒፔት እየተለቀሙ የተቆጠሩ፣ ሁለት መቶ አራት ሕፃናት ይዘሉ ነበር። አሜሃ የቤቱ የመጨረሻ አዋጅ ታወጀ፦

“ሠላሳ አንድ ዓመት ሳስገባና ሳስወጣ ጎድሎብኝ ያውቃል። በዝቶብኝ ሲያውቅ ይኼ የመጀመሪያው ነው።”

ስለዚህ ምስጋና ለእርሷ ይሁን፤ ድምፅዋን ሳታነሣ የመርዝ በርሜል ላቆመች፣ ለጠላቷ ጓንት ላለበሰች፣ ጥፋቷን በራሷ እጅ ለጻፈች፣ ሰባ ሁለት ደረጃ ትንፋሿን ይዛ ለወረደች። ታላላቅ ድል አድራጊዎች ከዘመቻ ሲመለሱ ሠራዊታቸውን ቆጥረው የጎደለውን ያለቅሳሉ፤ እርሷ ግን ስምንት ንጹሓን ይዛ ገብታ ሁለት መቶ ዐሥራ ሁለት ይዛ ወጣች፤ አንዳቸውም ሳይፈስሱ።