የሐጂ ቃሲም ጋምቢት

ስስታም ሰው ማንንም ጎድቶ አያውቅም። ቢበዛ ቤቱ ሄዳችሁ ሳትበሉ ትመለሳላችሁ፤ ከዚያ ወዲያ ምን ያመጣል? ሰው መፍራት ያለበት ደጉን ነው። በተለይ «ብላ እንጂ!» እያለ የሚለማመጠውን...

እንደማትስማሙ አውቃለሁ። እኔም ከሐጂ ቃሲም ጋር ቼዝ እስክጫወት ድረስ እንደ እናንተው ነበርኩ።

ሐጂ ቃሲም የዲክሲስ ከተማ እህል ነጋዴ ናቸው። የእህቴ የራውዳ ልጅ ሙባረክ ልጃቸውን ፎዚያን ሊያገባ ፈለገ። ሽማግሌ መላክ የግድ ሆነና ዋናው ተናጋሪ እኔ ተባልኩ፤ ብዙ ያነበበና መጽሐፍ የጻፈ ሰው ንግግር ያውቃል የሚል የቆየ ስህተት በቤተሰባችን አለ። ራውዳ ባሏ ከሞተ ወዲህ ያላት ሙባረክ ብቻ ነው። ትእዛዟ አጭር ነበር።

«ምራቴን አምጣልኝ። ግቢዬ ውስጥ ባዶ ክፍል አለ፤ እዚሁ አሰላ፣ አጠገቤ ይኖራሉ። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

«ይኼማ ምን አለው!» አልኳት።

ቀኑ ሲቃረብ ሙባረክ ፊቱን አጥቁሮ መጣ።

«ጋሼ፣ ሐጂ መጀመሪያ ቼዝ እንጫወት ብለዋል።»

«ከማን ጋር?»

«ከእርስዎ ጋር። በስልክ። ‹ሊያናግረኝ የሚመጣውን ሰው አጨዋወቱን ልየው› ነው ያሉት።»

እኔ ቼዝን ከመጽሐፍ የተማርኩ ሰው ነኝ። ሐጂ የተማሩት ገበያ በቀዘቀዘ ቁጥር መጋዘናቸው በር ላይ ተቀምጠው፣ ፊቱን አይተውት ከማያውቁት ሰው ሁሉ ጋር በኢንተርኔት እየተጋጠሙ ነው። አልፈራኋቸውም። ይህን የምነግራችሁ ለራሴ ያለኝን ግምት እንድታውቁት ነው።

ነጩ የእሳቸው ሆነ። ገና ሁለተኛ እርምጃቸው ላይ አንድ ወታደር አምጥተው አፌ ሥር አስቀመጡልኝ። ጠባቂ የለው፣ ምን የለው! ይህ ጋምቢት ይባላል፤ ሆን ብሎ ማስበላት ነው። እናንተ ስትበሉ ሰውየው ሠራዊቱን ያሰልፋል። አውቃለሁ፤ አንብቤዋለሁ። ግን ቋንቋችን ራሱ አያግዝም። ወታደርን ‹መያዝ› ወይም ‹መማረክ› ብንለው ኖሮ አስብበት ነበር። እኛ ግን ‹መብላት› ነው የምንለው! ቀርቦልኝ እምቢ ያልኩት ገበታ ደግሞ ትዝ አይለኝም፤ እናቴ እንደዚያ አድርጋ አላሳደገችኝም።

ከሰሌዳው ሥር የሐጂ ጽሑፍ ብቅ አለ። «ብላ እንጂ፣ ደራሲው!»

በላሁ። ሐጂ ፈረሳቸውን ለወታደሬ አጋልጠው ትተውት፣ ንጉሣቸውን ተረጋግተው ወደ ጥግ ወሰዱ።

«ጋሼ፣ እንዳይበሉት!» አለ ሙባረክ ከኋላዬ።

«ፈረስ እኮ ነው!»

«እሱን ነው የምልዎት!»

«የጋምቢት መድኃኒቱ መቀበል ነው ይላል መጽሐፉ።»

«መጽሐፉን የጻፈው ሰው ሐጂን አያውቃቸውም።»

ፈረሱን በላሁት። ሌላ ወታደር ቀረበ፤ በላሁት። ጳጳሳቸው ዘሎ መጥቶ ቼክ አለ፤ እሱን ንጉሤ በገዛ እጁ በላው። «ትንሽ ጨምር» ይላል ከሰሌዳው ሥር። በዚህ ሁሉ መሃል የኔ ፈረሶችና ግንቦች ከተደረደሩበት ንቅንቅ አላሉም። ንጉሤ ጠግቦ ብቻውን ሜዳ ላይ ቆሟል። ከዚያ ንግሥታቸው መጣች... ዝርዝሩን ተዉት። የመጨረሻው መልእክት «አሁን አልሐምዱሊላህ በል» የሚል ነበር።

«አበቃልኝ» አለ ሙባረክ።

አላበቃለትም። ሐጂ ኑ ብለውናል፤ እኔም ከስህተቴ ተምሬያለሁ። ወደ ዲክሲስ ስንሄድ አብረውኝ ለነበሩት ለሼህ አማንና ለአንድ ጎረቤታችን አስጠነቀቅኳቸው፤ «ጉዳያችን መልስ ሳያገኝ አንድም ነገር እንዳትቀምሱ!» ደንቡም ይኸው ነው። ሽማግሌ ያለው መሣሪያ አለመብላቱ ብቻ ነው።

ሐጂ በር ድረስ ወጥተው ተቀበሉን። ገና ከመቀመጣችን ትልቅ ሳህን ጭኮ መሃላችን ተቀመጠ። ለማታውቁት፣ ጭኮ በቅቤ የታሸ የተቆላ ገብስ ዱቄት ነው። አርሲ ውስጥ እንዲህ በአንድ ዓረፍተ ነገር የሚያልፈው ሰው የለም፤ እኔ ግን ያን ቀን ማለፍ ነበረብኝ።

«ቅመሱ» አሉ ሐጂ።

«ጉዳያችን ይቅደም።»

«ለደንቡ ያህል።»

«አይሆንም ሐጂ።»

ትንሽ አዩኝና «ተሻሽለሃል» አሉ።

እንዴት እንደኮራሁ! ሼህ አማን ሳይቀሩ በአድናቆት አዩኝ። ሐጂ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«መልካም። ልጄን ሰጥቻችኋለሁ።»

እንዲህ በአንድ አፍ! ሽማግሌ ጫማው እስኪያልቅ ሳያመላልስ ልጁን የሰጠ አባት አይቼ አላውቅም። ገና ከድንጋጤያችን ሳንመለስ ቀጠሉ።

«ቤትም ሠርቼላቸዋለሁ፤ እዚሁ፣ ከግቢዬ ጎን። ሙባረክ ሒሳብ ያውቃል አሉ? እኔም አረጀሁ፤ መጋዘኑን ይያዝልኝ።»

«አላህ ይስጥልን!» አልን ሦስታችንም። ቤት! ከነሥራው! እኔማ ተነስቼ ትከሻቸውን ሳምኩ።

«በሉ እንግዲህ ብሉ።»

በላን። በጣም በላን።

ስንመለስ መኪናው ውስጥ ሁላችንም ደስ ብሎን ነበር። አሰላ ልንገባ ስንል ሼህ አማን ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ደራሲው፣ እኔ ሰውዬ አርጅቼ ይሆናል... ግን እኛ የሄድነው ልጅቷን ልናመጣ ነበር፣ ወይስ ልጁን ልንሰጥ?»

ይህን ጊዜ ስልኬ ጮኸ፤ ራውዳ ናት።

«ሰጡን?»

«ሰጡን።»

እልል አለች። ጆሮዬ እስኪደነቁር እልል አለችና «ክፍላቸውን ላስቀባው ሠራተኛ አምጥቻለሁ፤ ምን ዓይነት ቀለም ይሻላል ትላለህ?» አለችኝ።

«ለእንግዳ የሚሆን» አልኳት።