የማንኩሳው ሊቀ ቃላት

በየአገሩ ቃል የሚርበው ሰው አይጠፋም። ልቅሶ ቤት ሄዶ ከሐዘኑ ይልቅ አልቃሿ ያወረደችውን ግጥም ሲያላምጥ የሚያመሽ፣ ፍርድ ቤት ተከሶ ከክሱ ይልቅ ዳኛው የተናገሩት ቃል የሚያስገርመው ዓይነት ሰው አለ። እንዲህ ያለው ሰው ከባድ ቃል ያገኘ ቀን አዲስ ጫማ እንደ ገዛ ነው፤ ጭቃም ይሁን አቧራ ሳያደርገው አይውልም። በማንኩሳ ይህ ሹመት የደረሰው ለባለ ወፍጮው ለዳኘው ነበር። ገበያተኛው ሁሉ «ሊቀ ቃላት» ይለዋል። ማን እንደ ሾመው አይታወቅም፤ እሱም ሹመቱን አልመለሰም።

ሚስቱ አቻምየለሽ ግን መከራው ከየት እንደ መጣ አሳምራ ታውቃለች። ዳኘው ለወፍጮው ቀበቶ ሊገዛ ፍኖተ ሰላም ሄዶ፣ መናኸሪያው አጠገብ መሬት ላይ ከተዘረጉ አሮጌ መጻሕፍት መካከል ሽፋኑ የተገነጠለ አንድ ተውኔት ይዞ ተመለሰ። የጥንት ንጉሥ፣ ንግሥት፣ ከዳተኛ ወንድም፣ ብዙ ሞት ያለበት በግጥም የተጻፈ አሳዛኝ ታሪክ ነው። ሚኒባስ ውስጥ የመጀመሪያውን ገጽ ደጋግሞ አነበበው፤ አልገባውም። ቤት ሲደርስ ፊቱ ጠቁሮ ነበር።

«ማን ሰደበህ?» አለችው።

«መጽሐፉ» አላት። «አማርኛ ነኝ ይላል። እኔ በአማርኛ ተወልጄ፣ በአማርኛ ተጣልቼ፣ በአማርኛ ታርቄ የኖርሁት ሰውዬ፣ ይኼ ወረቀት ሊንቀኝ? አንድም ቃል ሳትቀር እጨብጣታለሁ!»

ጀመረ። ቅንድቡ ዱቄት ለብሶ፣ መጽሐፉን ሚዛኑ ላይ አጋድሞ፣ የንጉሡን ንግግር ከሞተሩ በላይ ይጮኸዋል። «ቃል ያለፋል እንጂ አያሸንፍም!» የምትል መፈክርም አበጀ። አንድ ቀን አንዲት ሴትዮ «አያ ዳኘው፣ እኔስ ዛሬ ወረፋ የሚደርሰኝ አልመሰለኝም» ብትለው፣ «ቀቢጸ ተስፋ አይግባሽ!» አላት። ሴትዮዋ ማዳበሪያዋን አቅፋ፣ «ምን? ጤፌ ውስጥ ምን ገባ?» ብላ ጮኸች። ተስፋ አትቁረጪ ማለቱ እንደሆነ አስረድቶ እስኪያሳምናት ድረስ ወረፋዋ አለፋት።

ቤትም ያው ነው። መብራት ሲጠፋ ሻማ ከመፈለጉ በፊት «ጽልመት ነገሠ!» ብሎ ያውጃል። ድመቷ ወተት ስትደፋ «እኩይ ፍጡር!» ይላታል፤ ድመቷም ስሟ መስሏት እየተሻሸች ትመጣለች።

ለማይገባው ቃል ደግሞ የራሱ ዘዴ ነበረው። ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ የሚኖሩትን የግእዝ ሊቅ መሪጌታ ቂርቆስን መጠየቅ ይችል ነበር፤ ግን «ጠይቄ ካወቅሁትማ የመሪጌታ ነው እንጂ የእኔ ምኑ ነው?» ይላል። ስለዚህ የቃሉን ፊትና ኋላ እያየ ራሱ ይፈታዋል። አንድ ቦታ ላይ ንጉሡ ንግሥቲቱን «ሕፀፅሽን ባየሁ ቁጥር ልቤ ይነድዳል» ይላታል። ዳኘው አሰበ። ሰው ሚስቱን አይቶ ልቡ የሚነድደው በምን ምክንያት ነው? ሕፀፅ ማለት ውበት ነው ብሎ ፈረደ። አቻምየለሽን ራሷን ስንት ማለዳ «ሕፀፅሽ ዛሬስ አበራ!» እያለ አሞግሷታል። እሷም፣ እውነት ለመናገር፣ ደስ ይላት ነበር።

የአቻምየለሽ የወንድሟ ልጅ ፀደንያ የቡሬውን የአቶ ገነነን ልጅ አገባች። ሙሽራው አጃቢዎቹን ይዞ ማንኩሳ ሲደርስ በሴቷ ወገን ተነሥቶ እንዲናገር የተመረጠው ዳኘው ነበር። አቻምየለሽ ከዳሱ ምሰሶ አጠገብ ቆማ የጋቢውን ጫፍ ሳብ አደረገችው።

«አደራህን፣ እንደ ሰው ተናገር» አለችው።

«እንደ ንጉሥ እናገራለሁ» አላት፤ ጋቢውን አስተካክሎ ተነሣ።

«የቡሬ ዘመዶቻችን! ልጃችንን የምንሰጣችሁ ከነሙሉ ክብሯ ነው። ፀደንያ ሕፀፅ ሞልቶ የተረፋት ልጅ ናት! ሕፀፅዋንም እኛ ብቻ አይደለንም፣ የማንኩሳ ጎረምሳ ሁሉ ያውቀዋል!»

የማንኩሳ ሰው ስላልገባው አጨበጨበ። አቶ ገነነ ግን ያልገባቸውን ነገር የሚያሳልፉ ሰው አልነበሩም። አጠገባቸው ወደ ተቀመጡት ወደ መሪጌታ ቂርቆስ ዞሩ።

«መሪጌታ፣ ምን እያሉን ነው?»

መሪጌታ ጺማቸውን ያዙ። መዋሸት አይሆንላቸውም፤ እውነቱን መናገርም ሠርግ ማፍረስ ነው። «ልጄ ዳኘው» አሉ በመጨረሻ፣ «ሕፀፅ ስትል ምን ማለትህ ነው?»

«ውበት ነዋ፣ የኔታ!»

«ሕፀፅ ጉድለት ነው።»

አቶ ገነነ ብርሌያቸውን አስቀመጡ። የሙሽራው አጎት ዱላውን ፍለጋ ጎንበስ አለ። የፀደንያ አባት ቀና ብሎ ማየት አቃተው። አቻምየለሽ ባሏን አየችው፤ ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ ብሏል። መውጫ በር የሚፈልግ መሰላት፤ እሱ ግን ወደ ፊት ተራመደና አቶ ገነነ ፊት ደርሶ እጅ ነሣ።

«አባቴ፣ ጉድለቱ የእኔ ነው። ልጅቱ ደግ ናት፣ ሠራተኛ ናት፣ ቆንጆ ናት። ይኼን በእናቴ አማርኛ መናገር እየቻልሁ መንጠራራቴ ነው የጣለኝ። ቅጣቱ በእኔ ይሁን፤ ሙሽሮቹን አይንካ።»

አቶ ገነነ ከእግር እስከ ራሱ አዩት። በዚህ መካከል ሙሽራዋ ከመሸፈኛዋ ሥር ስታፍነው የቆየችው ሳቅ አመለጣት። ሙሽራው ተከተላት። ቀጥሎ የአቶ ገነነ ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ።

«እንግዲህ» አሉ ዓይናቸውን እየጠረጉ፣ «የእኛም ልጅ ሕፀፅ አያጣም፤ ተመጣጥነዋል!»

ሠርጉ ደመቀ፤ የዳኘው ፊት ግን አልፈታ አለ። ወፍጮ ቤት የመጣው ሁሉ «ሕፀፄን አትመዝንብኝ» እያለ ይቀልድበታል። መጽሐፉን ከቁም ሳጥኑ አናት ላይ ወረወረው። አቻምየለሽ መጀመሪያ እፎይ አለች። «ራት ደርሷል?» ይላታል፤ ይበላል። «ደኅና እደሪ» ይላታል፤ ይተኛል። እያደር ግን ቤቱ ጨው የሌለው ወጥ ሆነባት። ጠዋት ጠዋት ፀጉሯን ስትሠራ በመስታወቱ ውስጥ ታየዋለች፤ ምንም አይላት።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ወንበር ላይ ወጥታ መጽሐፉን አወረደችው። ትምህርቷን ገና በልጅነቷ ስላቋረጠች ንባቧ ቀርፋፋ ነው። በጣቷ እየተከተለች የማታውቀው ከባድ ቃል ፈለገች፤ አገኘች።

«ብካይ» አለች። «ይኼ ምን ማለት ነው?»

ዳኘው ፊቱን አዞረ። «እኔ እንጃ።»

ከተጋቡ ወዲህ ይህን ሲል ሰምታው አታውቅም።

«እንግዲያው ተነሥ፤ መሪጌታን እንጠይቃቸዋለን።»

«ይስቁብኛል።»

«ይሣቁ። ሥቀው ሲጨርሱ ይነግሩናል።»

መሪጌታ አልሣቁም። ደጃቸው ካለው ዛፍ ሥር አስቀመጧቸውና መጽሐፉን ተቀብለው ዓይናቸውን አጠበቡ። «ብካይ ልቅሶ ነው። ይቺ እናት ልጇ ለሞት ሲወሰድባት የምታለቅሰው ነው» አሉ። ከዚያ ገጹን ቃል በቃል ፈቱላቸው። ዳኘው እንደ ቆሎ ተማሪ መሬት ተቀምጦ ይደግማል፤ ይሳሳታል፤ ያርሙታል፤ ደግሞ ይጠይቃል። የዚያን ቀን አላፈረም።

ጀንበር ስታዘቀዝቅ መሪጌታ፣ «በል፣ አሁን ሳታቋርጥ አንብበው» አሉት።

ሳይጮህ አነበበ። ንግሥቲቱ እስር ቤቱ ደጅ ቆማ፣ በበሩ ቀዳዳ የልጇን ጣቶች ይዛ ትሰናበተዋለች። ሕፃን ሳለ በእነዚያ ጣቶች ጉንጯን እንዴት ይዳስስ እንደነበር ትነግረዋለች። አቻምየለሽ ዓመቱን ሙሉ ከወፍጮው ጩኸት ጋር ስትሰማው የከረመችው ነገር ይኼ መሆኑን ገና አሁን አወቀች። የነጠላዋን ጫፍ ወደ ዓይኗ ወሰደች። ዳኘው ቀና ሲል አያትና ደነገጠ፤ መጽሐፉን ከደነው።

«ምን ሆንሽ? በቃ፣ ተውሁት።»

«ማን ተው አለህ?» አለችው አፍንጫዋን እየጠረገች። «ልጁን ይገድሉታል ወይስ ይተውታል? ቀጥል!»