የሊቀ መንገድ ይሻው ትናንት

ሊቀ መንገድ ይሻውን በደንብ አላውቃቸውም። አብሬያቸው የዋልኩት ሦስት ቀን ብቻ ነው፤ ያንንም አብዛኛውን ጊዜ ከኋላ ከኋላቸው ስከተል ስለነበር ከፊታቸው ይልቅ ጀርባቸውን ነው የማውቀው። ስለዚህ ከእኔ የተሻለ የሚያውቃቸው ሰው ይህን አንብቦ ቢያርመኝ አልቀየምም።

ዓይነታቸውን ግን አውቃለሁ። ሁላችንም እናውቃለን። በአገራችን የፈለጋችሁት ነገር ሁሉ ትናንት እንደነበረ የሚያውቅ ሰው የሌለበት ከተማ የለም። ገበያ ወጥታችሁ ነጭ ማር ብታጡ፣ ትናንት ገዢ አጥቶ እንደዋለ ይነግራችኋል። ቢሮ ሄዳችሁ ኃላፊውን ብታጡ፣ ትናንት ቀኑን ሙሉ ባለጉዳይ አጥተው ሲያዛጉ እንደነበር ይነግራችኋል። ዘይቱም፣ መብራቱም፣ ዝናቡም ትናንት ነበሩ። እንዲህ ያለውን ሰው ውሸታም ማለት አይቻልም። ማን ትናንት ድረስ ሄዶ ያጣራል?

ከእብናት እስከ ሐሙሲት ባለው አገር የዚህ ማኅበር አለቃ ይሻው ናቸው። ሊቀ መንገድ የሚለውን ማዕረግ የሰጠኋቸው እኔ ነኝ፤ ቤተ ክህነት አታውቀውም። ስድሳን ያለፉ፣ ቀጭን፣ በጋ ከክረምት አንድ ቡኒ ኮት የሚለብሱ ሰው ናቸው። ከአንገታቸው የሩቁን አቅርቦ የሚያሳይ መነጽር አይጠፋም። ግራው ዓይኑ ግን ከተሰበረ ቆይቷል።

የተዋወቅነው በእህታቸው ልጅ በእመቤት ምክንያት ነው። እመቤት ቤይሩት አሥራ አንድ ዓመት በሰው ቤት ሠርታ ስትመለስ፣ ዘመዶቿ ደብረ ታቦር ላይ ሱቅ ክፈቺ ብለው መከሯት። እሷ ግን ያላትን ሁሉ ይዛ ጉና ተራራ ግርጌ አምስት ጎጆ ያለው የእንግዳ ማረፊያ ሎጅ ሠራች። ሁለት ክረምት አለፈ። በእነዚህ ሁለት ዓመታት ያደረባት እንግዳ አንድ የመንገድ መሐንዲስ ብቻ ነው፤ እሱም መኪናው ተበላሽቶበት።

በ2010 ዓመተ ምሕረት ኅዳር ወር ላይ ሰብለወንጌል የምትባል የአዲስ አበባ አስጎብኚ አራት ፈረንጆች ይዛ ለሙከራ እንደምትመጣ ጻፈች። ጉዞው ሦስት ቀን ነው፤ አንድ ቀን ጉና ተራራ፣ አንድ ቀን ጉማራ ወንዝ፣ አንድ ቀን ፎገራ ሜዳ። ከወደደችው ሎጁ በየዓመቱ እንግዳ በሚያመላልሱበት መስመር ውስጥ ይገባል። ካልወደደችው እመቤት ሎጁን ዘግታ ተመልሳ ትሰደዳለች፤ ፓስፖርቷንም አሳድሳለች። ይህን ለእናቷ አልነገረችም። የምናውቀው አጎቷና እኔ ነን። እኔ የሰማሁት የሎጁን በራሪ ወረቀት እንድጽፍ ስለተጠራሁ ነው። አሳምሬ እንድጽፈው አደራ አለችኝ፤ የመጨረሻዬ ሊሆን ይችላል አለች። እንዲህ የሚከብድ ወረቀት ጽፌ አላውቅም።

መንገድ መሪው ያለ ውድድር ሊቀ መንገድ ሆኑ።

የመጀመሪያው ቀን ጉና ላይ ነበርን። ጉና ላይ ጭላዳ ዝንጀሮ አለ፤ እኔም በዓይኔ አይቻለሁ። የዚያን ቀን ግን አልነበረም። ሊቀ መንገድ ከፊት ከፊት እየሄዱ ድንገት እጃቸውን ወደ ላይ ያነሳሉ። ሁላችንም እንቆማለን። ንፋሱ ብቻ ያፏጫል።

«ትናንት እዚህ ነበሩ» ይላሉ።

ሰብለወንጌል ትተረጉማለች። ከእንግዶቹ አንዷ፣ ጡረታ የወጣች ጀርመናዊት አስተማሪ፣ ስንት ያህል እንደነበሩ ጠየቀች። «መቶ አርባ» አሉ። ትንሽ አሰብ አደረጉና «ከግልገሎቹ ጋር» ብለው አሟሉት።

ከቀትር በኋላ አንድ ነገር ተገኘ፤ የቀይ ቀበሮ ዐይነ ምድር። ሊቀ መንገድ ባርኔጣቸውን አውልቀው አጠገቡ ተንበረከኩና ስለ ቀይ ቀበሮ አመል፣ ስለ ትዳሩ፣ ስለሚወደው የአይጥ ዓይነት ሩብ ሰዓት ያህል አስተማሩ። ከሚስቱ ጋር የመጣው ሆላንዳዊ እንግዳ አሥራ ሁለት ጊዜ ፎቶ አነሳው። በኋላ ጠጋ ብዬ ሳየው የመንደር ውሻ ይመስላል። እርግጠኛ ግን አልነበርኩም። በራሪ ወረቀቱ ላይ «የቀይ ቀበሮ ምልክት» ብዬ ጽፌዋለሁ።

በሁለተኛው ቀን ወደ ቆላው ወርደን ጉማራ ወንዝ ላይ ጀልባ ተሳፈርን። ዓላማው ጉማሬ ማየት ነበር። ሆላንዳዊቷ ጉማሬ መኖሩን ስትጠራጠር ሊቀ መንገድ ወንዙ ስሙን ከየት ያመጣው ይመስልሻል ብለው መልሰው ጠየቋት። ሦስት ሰዓት ሙሉ በውኃው ላይ ሄድን። ያየነው ልብስ የሚያጥቡ ሴቶችና አንድ ተንሳፋፊ ግንድ ነው። ግንዱን ሁለት ጊዜ ፎቶ አነሱት።

«ትናንት ይችን ጀልባ ሊገለብጣት ነበር» አሉ ሊቀ መንገድ።

ባለ ጀልባው በላይነህ ቀና ብሎ አያቸው። ጀልባዋ ትናንት ደረቅ መሬት ላይ ተገልብጣ ቀለም ስትቀባ ነው የዋለችው፤ ቀለሙ ገና በሱሪዬ ላይ ነበር። በላይነህ ግን የአገር ልጅ ነው። «አዎ» አለ፣ «ለጥቂት ነው።»

ምሳ ላይ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠን ጀርመናዊቷ እመቤትን በስደት ምን እንደከበዳት ጠየቀቻት። የእመቤት እንግሊዝኛ ዓረብኛ ይጎትተዋል፣ የእኔም የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ነው፤ ስለዚህ በደንብ ገባኝ። ሥራው አይደለም አለች። በሦስተኛውና በአራተኛው ዓመት አሠሪዋ ስልክ ከልክላት፣ በር ቆልፋባት፣ ሁለት ዓመት ሙሉ የእናቷን ድምፅ ሳትሰማ ኖረች። ዘመዶቿ ሞተች ብለው ለቅሶ ተቀምጠው ይሆናል እያለች ነበር የምታድረው። ሊቀ መንገድ ይህ ሲነገር ትንሽ ራቅ ብለው በመነጽራቸው ባዶውን ወንዝ ያዩ ነበር።

የዚያን ዕለት ማታ የሰብለወንጌልን ማስታወሻ ሳልፈልግ አየሁት። «ዐይነ ምድር» ብላ ጽፋ ከሥሩ ሁለት ጊዜ አስምራበታለች። ሌላ የተጻፈ ነገር አልነበረም።

እመቤትም ሳታየው አልቀረችም። «አጎቴ» አለች ቀስ ብላ፣ «ነገ አንድ ነገር እንኳ ይታይ።»

«ፎገራ ላይ ሞፈር ካለ ወፍ አለ» አሏት።

ይህ ደግሞ እውነት ነበር። ሩዙ ታጭዶ እርጥቡ ማሳ ለጓያና ለሽንኩርት ሲታረስ፣ በሬ በሄደበት ሁሉ ወፍ ይከተላል። ነጫጮቹ በመቶ ይመጣሉ፤ ባለ ዘውዱ ሽመላም አብሮ ይመጣል። ትሉን ሞፈሩ ያወጣላቸዋል። ሊቀ መንገድ ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ ነገ ተናገሩ፤ ተስፋ አደረግን።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት የቤተ ክርስቲያን ደወል ቀሰቀሰን። ኅዳር ሃያ አንድ፣ ጽዮን ማርያም።

ይህን እንዴት እንደማስረዳ አላውቅም። እመቤት በዓሉን ታውቃለች። ሊቀ መንገድ ያውቃሉ። የእመቤት እናት፣ እሜቴ እቴነሽ፣ ነጭ ለብሰው ከንጋት በፊት ወጥተዋል። ፕሮግራሙ ላይ ግን በፈረንጅ አቆጣጠር ኖቬምበር ሠላሳ ነው የሚለው፤ እኔ ራሴ ሦስት ጊዜ ገልብጬዋለሁ። በዓሉን ለነፍሳችን፣ ፕሮግራሙን ለፈረንጆቹ ብለን ለየብቻ አስቀምጠናቸው ኖሯል። ሁለቱ አንድ ቀን መሆናቸውን ያሰበ አንድም ሰው አልነበረም። በጽዮን ዕለት ደግሞ በዚህ አገር የሚያርስ የለም።

ፎገራ ስንደርስ ሜዳው እስከ አድማስ ጭር ብሏል። ወፎቹ ከሩቁ ረግረግ ላይ እንደ ፈሰሰ ጨው ነጣ ነጣ ይላሉ። ሰብለወንጌል ሰዓቷን አየች። ሁላችንም ቃሉን ጠበቅን፤ ፈረንጆቹም በአማርኛ ለምደውታል፣ ሆላንዳዊቷ አብራ ለማለት ከንፈሯን አዘጋጅታ ነበር።

ሊቀ መንገድ አላሉም። እመቤትን አዩ። እሷ ሜዳውን ሳይሆን ወደ ባሕር ዳር የሚወስደውን አስፋልት ነበር የምታየው። ኮታቸውን አስተካክለው በመንገዱ ዳር ወዳለው ቤት ሄዱ፤ ተከተልኳቸው።

ባለቤቱ ማሩ የሚባሉ ትልቅ ሽማግሌ ናቸው፤ ጋቢ ለብሰው ደጃቸው ላይ ተቀምጠዋል። ሊቀ መንገድ ሰላምታውን አስረዝመው ሲያበቁ አንድ ትልም ብቻ እንዲያርሱላቸው ለመኑ።

«ዛሬ ጽዮን ናት» አሉ ማሩ። «ይችን ቃል ከወጣት አፍ ብሰማት በዱላ ነበር የምመልሳት።»

ሊቀ መንገድ አልተከራከሩም። አጠገባቸው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ጥቂት ቆይተው በሬዎቹ ውኃ ጠጥተው እንደሆነ ጠየቁ።

«ጠዋት ጠጥተዋል።»

«በሬ በበዓልም ይጠማል።»

«ይጠማል» አሉ ማሩ።

«ማጠጣት ሥራ ነው?»

«አይደለም» አሉ ሽማግሌው። «ጽድቅ ነው እንጂ።»

«እንግዲያው በመንገዱ ሳይሆን በእርጥቡ ማሳ በኩል ይነዱ። ወደ ወንዙ ይቀርባል።»

«ኧረ ይርቃል!»

«ትናንት ይቀርብ ነበር» አሉ ሊቀ መንገድ።

ማሩ ሊቀ መንገድን ከእግር እስከ ራሳቸው አዩአቸው። ከዚያ ጋቢያቸው እስኪወድቅ ሳቁና የጎረቤቶቹም በሬዎች ተጠምተው እንደሆነ እንዲጠየቅ ላኩ። ተጠምተው ነበር።

አሥራ አራት በሬ በእርጥቡ ማሳ ላይ ተነዳ። ሊቀ መንገድ ጫማቸውን አውልቀው፣ ሱሪያቸውን ጠቅልለው፣ በዚያ ቡኒ ኮት ከኋላ ገቡ። የበሬዎቹ ሰኮና ጭቃውን ሲገለብጠው መጀመሪያ አንድ ነጭ ወፍ መጣ። ቀጥሎ አሥር። ከዚያ ሰማዩ ነጣ። ባለ ዘውዶቹ ሽመላዎች እንደ ባላባት ዘግይተው፣ ሁለት ሁለት እየሆኑ አረፉ። አሥራ ሰባት ቆጠርኩ። ጀርመናዊቷ መሬት ላይ ቁጭ ብላ አፏን በእጇ ያዘች። ሰብለወንጌል መጻፍ ጀመረች።

በሬዎቹ ወንዙ ጋ ደርሰው ውኃውን አሸተቱና ራሳቸውን አነሱ። ስለዚህ ተመለሱ፤ እንደገና ተጠምተዋል ተብሎም ተነዱ። ሦስተኛም። «ከብቶቼ ከተወለዱ እንዲህ ተጠምተው አያውቁም» አሉ ማሩ።

አንድ ሰው ብቻ ወፎቹን አላየም። ሊቀ መንገድ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ውስጥ ሆነው ያዩት የአሥራ አራት በሬ ጀርባ ነው።

መኪናው ሲነሳ ሰብለወንጌል በመስኮት በጥር ወር ሁለት ቡድን፣ በየካቲት አንድ ቡድን እንደምትልክ ለእመቤት ነገረቻት። «በፕሮግራሙ ላይ ግን በሬ የሚጠጣበትን ቀን ጻፉልኝ» አለች። መኪናው ከዓይን እስኪጠፋ እመቤት ራሷን እየነቀነቀች እሺ፣ እሺ ትል ነበር።

ሎጁ ስንመለስ እመቤት ፓስፖርቷን ከቦርሳዋ አውጥታ ሣጥን ውስጥ፣ ከልብስ ሁሉ ሥር ስትከተው አየሁ። እናቷ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰው ጠላ ቀዱልኝ። በወንድማቸው ጭቃ ስንስቅ ሰምተው ኖሮ፣ በይሻው አትሳቁበት አሉኝ። ልጃቸው በስደት ሳለች ሁለት ዓመት ሙሉ ድምጿን ሳይሰሙ ኖረዋል። እሳቸው እንደሚሉት በደወለች ቁጥር እዚህ ገጠር ነበሩ፤ ስልኩ ደብረ ታቦር ሱቅ ውስጥ ነው። ይሻው ግን በየእሑዱ በእግሩ ይመጣ ነበር።

«‹ትናንት ደውላ ነበር› ይለኛል። ‹ወፍራለች› ይለኛል። አንድ ጊዜማ ‹ሳቀች› አለኝ። ትናንት ትናንት እያለ ሁለት ዓመት አሻገረኝ።»

ፊታቸውን አየሁት። የሚያውቁ እንደሆነ፣ የማያውቁ እንደሆነ ከፊታቸው አላገኘሁም። ጠላዬን ጨርሼ ወጣሁ።

ሊቀ መንገድ ደጅ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው የኮታቸውን ጭቃ በእንጨት ይፍቁ ነበር። እኔ ሰው የምጠይቅ ሰው አይደለሁም። ይህ ጥያቄ ግን አመለጠኝ።

«ጋሽ ይሻው፣ በእነዚያ ሁለት ዓመታት እመቤት አንድ ቀን እንኳ ደውላ ነበር?»

እንጨቱን አስቀመጡ። መነጽራቸውን አንስተው በደህናው ዓይኑ ጉናን ብዙ አዩ። ከዚያ እንጨቱን አነሱና ወደ ሌላው የኮታቸው እጅጌ ተሻገሩ።