አባቴ የተሸከመው መጅ

«ድንጋዩን አውርድና ተቀመጥ እንጂ! ገበያ መስሎህ ነው ተሸክመህ የቆምከው?» አሉ አጎቴ።

አባቴ አላወረደም። ድንጋዩን ማጅራቱ ላይ በሁለት እጁ ደግፎ፣ ጎንበስ እንዳለ ቆሟል። የቆርቆሮው በር ከኋላችን ተዘግቷል። በምስማር ቀዳዳዎቹ ሾልኮ የገባው የከሰዓት ፀሐይ የአጎቴ ጋቢ ላይ ነጠብጣብ ሠርቷል።

«ከየት ነው የመጣኸው?»

«ከሞጣ፣ አያ።»

«ሞጣ ወንድም አለኝ። ጥላሁን ይባላል፤ ልብስ ሰፊ ነው። ታውቀዋለህ?»

«አውቀዋለሁ» አለ ጥላሁን፣ ልብስ ሰፊው፣ አባቴ።

መርሳት እንዴት ያለ ነገር ይመስላችኋል? እኔ ድሮ ሌባ ይመስለኝ ነበር፤ ገብቶ ያገኘውን ሁሉ ጠራርጎ የሚሄድ። አይደለም። መርሳት ቤት እንደሚለቅ ተከራይ ነው። አልጋውን፣ ጠረጴዛውን፣ የግድግዳውን ፎቶግራፍ ይዞ ይወጣል፤ ምስማሩን ግን አይነቅልም። ባዶ ክፍል ነው ብላችሁ ግድግዳውን ታክካችሁ ስታልፉ ይቧጭራችኋል። ምን ተሰቅሎበት እንደነበር የሚያውቅ የለም። ደሙ ግን ደም ነው።

አጎቴ አያሌው ቢቸና ላይ ለብዙ ዓመት የማኅበራዊ ፍርድ ቤት ዳኛ ነበሩ። ሰው በአጥር፣ በበሬ፣ በስድብ ሲካሰስ ሲሰሙ ኖረው በጡረታ ቤታቸው ገቡ። ከሁለት ዓመት ወዲህ ደግሞ ሐኪሙ የመርሳት ሕመም ያለው ነገር ጀመራቸውና መጀመሪያ የሰው ስም፣ ቀጥሎ ዕለቱን፣ ቀጥሎ መልክ እያስረከቡ መጡ። ሳያጉረመርሙ። የሥራ ጊዜው እንዳለቀ ሰው፣ ቁልፉን በየተራ።

አባቴ ሌላ ነው። አርባ ዓመት ሞጣ ላይ፣ ባለመርገጫ የስፌት መኪና ላይ አጎንብሶ ኖሮ ወገቡ ታመመ። ቆሞም ይጠዘጥዘዋል፣ ተኝቶም ይጠዘጥዘዋል። የአባቴ ወገብ ዝናብ መምጣቱን ከደመናው ቀድሞ ያውቃል፤ የሰፋውን የተማሪ ዩኒፎርም ሁሉ አንድ በአንድ ያስታውሳል ብላችሁ አልዋሸሁም። ሐኪሙ የውኃ ጀሪካን እንኳ እንዳያነሣ ከልክሎታል። እንግዲህ ሁለት ወንድማማቾች ሲካፈሉ አንዱ መርሳቱን ጠቅልሎ ወሰደ፣ ሌላው ማስታወሱን። አጎቴ በደህና ዘመናቸው እንዲህ ያለ ክፍፍል ፊታቸው ቢቀርብ ኖሮ በዚያው ቀን ይሽሩት ነበር።

ድንጋዩ ለምን እንደተነሣ ልንገራችሁ። ለሠርግ ነው። ሠርጉ የኔ ነው።

የዛሬ ዐሥራ አንድ ዓመት፣ ሞጣ፣ ዳሱ ጢም ብሎ፣ ሙሽራው በር ላይ ደርሶ፣ የአባቴ ስልክ ጮኸ። የደወለችው የአጎቴ ልጅ ሙሉ ናት። እናቷ እትዬ ደብሬ ታመው ስለነበር አጎቴም ሙሉም ሠርጉ ላይ አልነበሩም። እናቷ ጠዋት ማረፋቸውን፣ ቀብሩም ከሰዓት በዘጠኝ ሰዓት መሆኑን ነገረችው። አባቴ «እሺ፣ እሺ» አለና ስልኩን ኪሱ ከተተ። ከዚያ ወጥቶ እንግዳ ተቀበለ። ትከሻውን እየነቀነቀ ሲጨፍር የሚያሳይ ቪዲዮ አለ። አሁን አላየውም።

በኛ አገር መርዶ ወግ አለው። ድግስ ላይ ላለ ሰው ሞት አይነገርም፤ ድግሱ ካለቀ በኋላ በጠዋት ሰው ተሰብስቦ ነው የሚረዳው። አባቴ እዚያው ላይ ቢያቆም ኖሮ «ምን ያድርግ፣ ዳስ ጥሎ» ብሎ የሚያዝንለት አይጠፋም ነበር። እሱ ግን በሦስተኛው ቀን ቢቸና ሄዶ ደረቱን እየመታ «ምነው ሳልሰማ! ምነው ሳልሰማ!» እያለ አለቀሰ። ሙሉ አጠገቡ ቆማለች። «እሺ፣ እሺ» ያለው ድምፅ፣ ከድምፁ ጀርባ የነበረው ከበሮ፣ ገና ጆሮዋ ውስጥ ነው።

አጎቴ ነገሩን ከልጃቸው አፍ ሲሰሙ «ሰምቼ ነበር ቢለኝ እምረው ነበር» አሉ። በራቸውንም ዘጉበት።

ትዳሬ ሦስት ዓመት ቆየ። ኩርፊያው ግን ደህና አጥንት ነበረው።

ባለፈው ዓመት ተዘግቶ የከረመው መንገድ በተከፈተ ሰሞን አባቴ ሽማግሌ ይዞ ሄደ፤ አንድ ቄስ፣ አንድ ጎረቤት፣ ሦስተኛው ደግሞ ጨርቅ የሚሸጡለት አቶ ሰይድ። እኔም ከአዲስ አበባ መጥቼ ተከተልኩ። የእርቁን ሥርዓት ታውቁታላችሁ፤ በዳዩ ድንጋይ ተሸክሞ ይቆማል፣ ተበዳዩ «ምሬሃለሁ» ሲል ያወርዳል። ችግሩ ግን ግቢውን የአጎቴ ልጅ ሙሉ ሲሚንቶ አስለስናዋለች። አራት ትልልቅ ሰዎች የሚሸከሙት ድንጋይ አጥተው ግቢ ሲዞሩ አስቡት። በመጨረሻ አቶ ሰይድ «ይቺስ?» ብለው በሩ ሥር የተቀመጠውን አነሡ። መጅ ነበር፤ እትዬ ደብሬ እህል ይፈጩበት የነበረ፣ መሐሉ ተበልቶ የሰረጎደ ጥቁር ድንጋይ። የቤቱ በር ተጣሟል፤ ያለዚያ መጅ ክፍት አይቆምም። መጁ ሲነሣ በሩ መጥቶ ጓ ብሎ ተዘጋ።

«ባጠፋሁት ሁሉ ይማሩኝ፣ አያ» አለ አባቴ።

«ምሬሃለሁ» አሉ አጎቴ።

ተላቀሱ። የእርቅ አፍ ጨዋ ነው። «ባጠፋሁት» ይላል እንጂ ምን እንደጠፋ አይዘረዝርም። አባቴ በዚህ ጨዋነት ሥር ገብቶ፣ ዝናብ እንደሚያሳልፍ መንገደኛ ተጠልሎ አለፈ።

በማግስቱ ቁርስ ላይ አጎቴ ጉርሻ ጠቅልለው አባቴን እያጎረሱ «ያ ጥላሁን ግን ዛሬም ሳይመጣ ቀረ» አሉት።

ከሦስት ወር በኋላ እንደገና ሄድን፤ ያለ ሽማግሌ። አባቴ መጁን አነሣ። በሩ ተዘጋ። ተማረ። ተረሳ።

እዚህ ላይ ሙሉ የነገረችኝን ካልነገርኳችሁ ነገሩ ቀልድ ይመስላችኋል። የሠርግ መኪና ጥሩምባውን እየነፋ በመንደሩ ባለፈ ቁጥር አጎቴ ይነሡና መጁን በእግራቸው ገፍተው በሩ እንዲዘጋ ያደርጋሉ፤ ከዚያ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ይተኛሉ። «ምን ሆኑ፣ አባባ?» ትላቸዋለች። «ከፍቶኝ ነው።» «ምን አከፋዎት?» «እኔ ምን አውቄ!» ይሏታል፤ ተቆጥተው፣ እሷ የደበቀችባቸው ይመስል። እኛ መጥተን በሄድን ማግስት ደግሞ ጢማቸውን ይላጫሉ፣ የቀረበላቸውን ይጨርሳሉ፣ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ያንጎራጉራሉ። ማን እንደመጣ ብትጠይቃቸው አያውቁትም። «ደግ ነገር የሰማሁ መሰለኝ» ይላሉ። እስከ ሦስት ቀን ይቆይላቸዋል።

ምስማር ስላችሁ የነበረው ይኼን ነው። አንዳንዱ ምስማር ላይ ግን፣ መቼም አላውቅም፣ የሚታይ ነገር ሳይኖር ብርሃን የሚሰቀል ይመስለኛል።

ለሦስተኛ ጊዜ ስንሄድ፣ ሚኒባሱ ደብረ ወርቅ ላይ ሰው ሲያወርድ፣ አባቴን «ይበቃል እኮ፣ አባዬ። ሁለት ጊዜ ተምረሃል። ወገብህስ?» አልኩት።

በመስኮቱ ጉም ጉሙን ሲያይ ቆየ። «አልነገርኳቸውም» አለ።

«ምኑን?»

«ሰምቼ ነበር አላልኳቸውም። እሳቸው ጨርሰው ሳይሄዱ፣ አንዴ እንኳ ልንገራቸው።»

ጨርሰው የሚሄዱት ወዴት እንደሆነ አልጠየቅኩትም። እናንተም አትጠይቁኝ።

እና አሁን እንዳያችሁት ቆመናል። መጁ ማጅራቱ ላይ ነው።

«ወገብህን ያምሃል መሰለኝ» አሉ አጎቴ። ተነሥተው ድንጋዩን ተቀበሉት። በሩን ከፈቱ፤ መጁንም እንደ ልማዳቸው ሥሩ አስቀመጡት። ቤቱ በብርሃን ተሞላ። ጎንበስ እንዳሉ የሰረጎደውን የመጁን መሐል ሁለት ጊዜ ዳበሱት። ተመልሰው ሲቀመጡ ጋቢያቸውን ሰብሰብ፣ ጀርባቸውን ቀና አደረጉ። ዳኛው መጡ።

«ምን አጥፍተህ ነው?»

«አያ፣ ባጠፋሁት ሁሉ…»

«እሱን ተወው። “ባጠፋሁት ሁሉ” የሚባል ክስ የለም። ምን አጠፋህ?»

ሙሉ ከጓዳ ወጥታ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። አባቴ መጀመሪያ እሷን፣ ቀጥሎ እኔን አየ። ከዚያ ዓይኑን መሬት ላይ ጣለ።

«የወንድሜ ሚስት የሞቱ ቀን ልጄን እየዳርኩ ነበር። ተደወለልኝ። ሰማሁ። ሰምቼ ጨፈርኩ።» ትንፋሹን ሰበሰበ። «ኋላ ሄጄ አልሰማሁም አልኩ። ሰምቼ ነበር፣ አያ። ሰምቼ ነበር።»

አጎቴ የሩቅ አገር ሰው ታሪክ እንደሚሰሙ ሆነው አዳመጡት። ቀስ ብለው ወደኔ ዞሩ።

«ሙሽራዋ ይቺ ናት?»

«አዎ፣ ጋሼ።»

«ድግሱ ተበላ?»

«ተበላ።»

«ደግ። ትዳሩስ?»

«አልቆየም።»

«ኤዲያ!» አሉ። ሙሉ ሳቋ አመለጣት፤ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ያዘች። ዓይኗ ግን እያነባ ነበር።

አጎቴ ወደ ባለጉዳያቸው ተመለሱ። «ወንድምህ ይኼን ከአፍህ ሰምቷል?»

«አልሰሙም» አለ አባቴ።

«ታዲያ እኔ ዘንድ ምን ትሠራለህ? ሂድና ለሱ ንገረው።»

«በራቸውን ዘግተውብኛል።»

«አንኳኳ። ይከፍትልሃል።» እጃቸውን አባቴ ጉልበት ላይ አሳረፉ። «እኔ ብሆን እከፍታለሁ።»

አባቴ እጃቸውን ሳመ። ሊነሣ ሲል ወገቡ ያዘው፤ ሁለቱ ተደጋግፈው ቆሙ። ማን ማንን እንዳነሣ አልለየሁም።

«ድንጋይህን ያዝ እንጂ» አሉት አጎቴ። «ባዶ እጁን ለእርቅ የሚሄድ አለ?»

አባቴ አንድ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለ። መጁን አነሣና ማጅራቱ ላይ አደረገው። ደፉን ተሻግሮ ውጭ ፀሐዩ ላይ ቆመ፤ ፊቱን ወደ ቤቱ አዞረ።

በሩ ቀስ እያለ መጣና ተዘጋ።