ፕሮግራሙን ያነቀው ማሳ

አንድ ዕቃ ሲበላሽ «ምኑ ነው የተበላሸው?» ብሎ የሚጀምር ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔን አላጋጠመኝም። እኛ ቤት ቴሌቪዥን ሲጠፋ መጀመሪያ የነካው ሰው ይፈለጋል፤ ፊውዙ በኋላ ይደረስበታል። ይህንኑ ጥፋተኛ የመፈለግ ሙያ የሚሠራ የኮምፒውተር መሣሪያ ተፈልስፏል ሲባል ታዲያ፣ ለእኛ ታስቦ የተሠራ ነበር የመሰለኝ።

ጊዜው አዲስ አበባን ወደ ዙሪያዋ ከተሞች ሊያሰፋ የነበረው የማስተር ፕላን ተቃውሞ ጊዜ ነው፤ መንገድ ሲዘጋ ሲከፈት። እኔ ቡራዩ፣ አንድ የመሬት ይዞታ ቢሮ ውስጥ ማኅተም አሳርፋለሁ፤ ከባድ ኃላፊነት ነው። ግን የሚታተምበት ወረቀት ጠፋ። ማረጋገጫውን የሚያወጣው ፕሮግራም የገበሬዎቹን የይዞታ መረጃ ሲጎርስ ሲጎርስ ይቆይና አንድ ቦታ ላይ ታንቆ ይዘጋል። ባለመሬቶቹ ደጅ አግዳሚው ላይ ይጠብቃሉ። በዚያ ሰሞን ማረጋገጫ የሌለው መሬት ያለ ካሳ እንደሚወሰድ መቼም ታውቁታላችሁ።

ከፉሪ የምትመላለሰው ባለሙያችን ሃና መሣሪያውን ጫነች። አሠራሩ ይገርማል። መረጃውን ለሁለት ይከፍልና ግማሹን ለፕሮግራሙ ያጎርሰዋል። ካልታነቀ ያንን ግማሽ በነፃ ያሰናብትና ሌላውን ደግሞ ለሁለት ይከፍላል፤ እንዲህ እያለ አንድ ተጠርጣሪ እስኪቀር። ግምገማ ሳይቀመጥ፣ አበል ሳይጠይቅ።

የቀሩት የገፈርሳው ገበሬ ኦቦ ቱፋ ናቸው። ለካ አዲሱ የፕላን መስመር ማሳቸውን መሀል ለመሀል ይሰነጥቀዋል። ፕሮግራሙ ማሳው የየትኛው ከተማ እንደሆነ ሲጠይቅ ሁለት መልስ ያገኛል፤ ይታነቃል።

ኃላፊያችን ደስ አለውና ሰውየው ከመረጃው ይውጡ አለ። ሃና ጥፋቱ የፕሮግራሙ እንደሆነ፣ እሳቸው ጉድለቱን ያሳዩ ብቻ እንደሆኑ ብታስረዳው፣ እኛንስ ያስቸገረን ጉድለት የሚያሳየው ሰው አይደል ወይ አላት።

ለኦቦ ቱፋ የመንገሩ ዕጣ ለእኔ ደረሰ። አካም ጅርቱ ብዬ በሰላምታ ጀመርኩ። ነገሩን ሰምተው ሲጨርሱ፣ ያን ሁሉ ማሽን የጣለው የኔ ማሳ ነው? አሉኝ። አዎ አልኳቸው። እንዲህ ጉልበት ካለውማ ፕላኑንስ አይጥልልንም? ሲሉ አግዳሚው በሙሉ ሳቀ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ የአባቴ መሬት ነው ልጄ፣ ወረቀቴን ብቻ ስጠኝ አሉኝ።

ይህን የሰማችው ሃና አንድ ሙከራ ጨመረች። ኦቦ ቱፋን ወደ መረጃው መለሰችና በእሳቸው ፈንታ የፕላኑን መስመር አወጣች። ፕሮግራሙ ሳይታነቅ ሁሉንም ዋጠ፤ የሁሉም ማረጋገጫ፣ የእሳቸውም ጭምር፣ ስክሪኑ ላይ ወጣ።

ኃላፊያችን ሁለቱን መፍትሔዎች በጥሞና መረመረ። በመጨረሻም መስመሩን ለማውጣት የበላይ አካል ፈቃድ እንደሚያስፈልግ፣ ኦቦ ቱፋን ለማውጣት ግን የእሱ ፊርማ እንደሚበቃ አስረዳን።