ተራ በተራ ልቀቁ

በየትኛውም ትንሽ ከተማ፣ ሰው የገዛ ሽንት ቤቱ ገብቶ እንኳ በሰላም እንዳይቀመጥ የሚቆጣጠር አንድ ሰው አለ። የለም የሚል ካለ ትንሽ ከተማ ኖሮ አያውቅም።

የእኛዋ የካናዳ ከተማ ክቡር ኦረስት ፓሊሹክ አሏት። የመንግሥት መዝገብ «የፍሳሽ ማጣሪያ ኃላፊ» ይላቸዋል፤ በተግባር ግን የአራት መቶ ሰው ሆድ አስተዳዳሪ ናቸው። ከስንዴው ማሳ ማዶ ያሉት ሁለት ኩሬዎች ግዛታቸው፣ ቆሻሻውን የሚበሉት በዓይን የማይታዩ ተሕዋስያን ደግሞ ከብቶቻቸው ናቸው። በብርዱ ወራት ኩሬው በረዶ ለብሶ ሲተኛ፣ «ቀስ ብለህ እርገጥ፣ ከብቶቼ ተኝተዋል» ይሉኛል። በረዶው ሲቀልጥ ዝይዎቹ ይመለሳሉ፣ ደመናው ውሃው ላይ ይንሳፈፋል፣ ሽታውም ይነሳል። «ነቁ!» ይላሉ አየሩን ወደ ውስጥ እየሳቡ። እውነቱን ለመናገር፣ አፍንጫዬን ይዤ ከእሳቸው ጋር እዚያ ዳር ቆሜ፣ ፀሐይዋ መቼ እንደዞረች ሳላውቅ የቀረሁበት ቀን ብዙ ነው።

ታዲያ ቧንቧ የሚዘጋ ስብ ማጠቢያ ውስጥ ያፈሰሰ ሰው ወዮለት! ፒሮጊ የሚሉት ድንች የታጨቀበት ሊጥ በቅቤ ርሶ በቀረበበት በአንድ ሠርግ ላይ ሙሽራይቱን እንኳን ደስ አለሽ ከማለታቸው በፊት፣ «የፒሮጊውን ቅቤ ማነው ማጠቢያው ውስጥ የደፋው?» ብለው አዳራሹን ጸጥ አሰኝተውታል።

ከሁሉ የከፋው ግን ሰው ሁሉ በቴሌቪዥን የሚያየው የበረዶ ላይ ሆኪ ጨዋታ ነው። በየዕረፍቱ ከተማው ሁሉ አንድ ላይ ተነስቶ የሽንት ቤት ውሃ ይለቃል። አሮጌው ፓምፕ ይህን አይችልም፤ ያቃተው ፍሳሽ ወደኋላ ተመልሶ ዝቅ ካለው ቤት፣ ከዘጠና ዓመቷ ወይዘሮ ሂልዳ ምድር ቤት ብቅ ይላል። አንድ ጊዜ ብቅ ብሎ የሟች ባላቸውን ፎቶዎች ግማሹን በልቶባቸዋል። ከዚያ ወዲህ ኦረስት ፓምፑ አጠገብ ሆነው በየጎዳናው ስልክ ይደውላሉ።

«የጣቢያው ጎዳና፣ ልቀቁ! የጥዱ ጎዳና፣ ቁጭ በሉ!»

«ኧረ ሚስተር ኦረስት፣ ሊያመልጠኝ ነው!»

«ያምልጥህ! ሱሪህ ይታጠባል፣ የሂልዳ ፎቶ አይታጠብም።»

ባለፈው እሑድ ከሰዓት የካናዳ ቡድን ለዋንጫ ሲጫወት፣ ኦረስት ልባቸውን ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው በትልቁ ከተማ ሆስፒታል ተኝተው ነበር። ዕረፍት ሆነ። የሚደውል የለም። በሬን ከፍቼ ብወጣ ጎረቤቴ ዳሪል በረንዳው ላይ ቆሟል።

«የጣቢያው ጎዳና ጨረሱ?» ብሎ ጮኸ።

«ገና ናቸው!» አለች አንዲት ሴት ከማዶ።

ከተማው በሙሉ ደጅ ወጥቶ፣ እግሩን አጣብቆ፣ ለስላሳዋ ፀሐይ ላይ ቆሟል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስራል ሲባል እንጂ ሽንት ያስራል ሲባል ሰምቼ አላውቅም። ከኩሬው የዝይዎቹ ድምፅ ይመጣል፤ ሌላ ምንም አይሰማም። ሕልም ውስጥ የቆምን ይመስል ነበር።

ስልኬ ጮኸ።

«ማነው ከተራው የቀደመው?» የኦረስት ድምፅ ደክሟል።

«ማንም። ልብዎ እንዴት ሆነ?»

«ልቤን ተወው። የሂልዳ ምድር ቤትስ?»

«ደረቅ ነው። ራሳቸው ወጥተው እጃቸውን እያወዛወዙልን ነው።»

አፍንጫቸውን ሲስቡ ሰማሁ። እኚህን ጨቅጫቃ ሽማግሌ ይህን ያህል እንደምወዳቸው አላውቅም ነበር።

«አንተስ ለቀቅህ?»

«የእኛ የጥዱ ጎዳና ገና አልተጠራም።»

«በል ሂድ፣ ልጄ» አሉኝ። «ተራህ ነው።»